ሐሙስ ዕለት የት ነበርኩ

ተኛ ብለውኛል፣ እንግዲህ ተኝቻለሁ። ሳሎኔ ወለል ላይ በተነጠፈልኝ ፍራሽ በጎኔ ተጋድሜ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ዓይን መጨፈን እንቅልፍ ቢሆን ኖሮ ከሰኞ ወዲህ ክሪስታል በምትባለው በዚህች የሚኒሶታ ከተማ እንደ እኔ የተኛ ሰው አይገኝም ነበር። ረቡዕ ነው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቀን መተኛት ዓመታት የለመድኩት ነው፣ መጋረጃዬም ለዚሁ የተገዛ ጥቁር ነው፣ ግን ሰውነቴ እምቢ ብሏል። ኩሽና ውስጥ ሱንዱስ ዕቃ ታጥባለች። የዙሀይር ሚስት ናት፣ ዙሀይር ደግሞ የኮምቦልቻ ልጅ፣ የሰፈሬ ሰው፣ ሚኒሶታ ከገባሁ ጀምሮ እንደ ወንድም የያዘኝ። ሐዘንተኛው እንዳይነቃ ብላ ድስቱን እንኳ በቀስታ ነው የምታስቀምጠው። ሐዘንተኛው እኔ ነኝ። አባቴ ሹፌር ይማም ሐሙስ ዕለት ሞተ፣ ዓርብ ተቀበረ፣ እኔ ሰኞ ሰማሁ። እንቅልፍ የነሱኝ በመሃል ያሉት ቀኖች ናቸው። ከዙሁር ሶላት በኋላ እህቴ ራሕመት፣ እታለም የምላት፣ ከኮምቦልቻ ትደውላለች። ሰኞ ተላቅሰን ብቻ ነበር የዘጋነው፣ ትናንት ግን በዙሀይር በኩል ልካብኛለች፣ ለሙዘይን የምነግረው ነገር አለኝ፣ ብቻውን ሳይሆን ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይሁን ብላ። ሽማግሌ ባለበት የሚነገር ምን እንደሆነ አላጣውም። ደርሳበታለች። አንድ ሰው ነግሯታል። ስለዚህ ቀድሜ ልናገር ብዬ ወስኛለሁ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት፣ ሐሙስ ዕለት የት እንደነበርኩ በራሴ አፍ ልናገር። ወስኜ ነው የተጋደምኩት። እስከ ሰባት ሰዓት ከጠናልኝ።

ከየት ልጀምርላት? ከዲንሳ ልጀምር። እታለም፣ ዲንሳ የሚባል ልጅ አለ፣ ኤደን ፕሬሪ ያለው መጋዘን ውስጥ የፈረቃ አለቃዬ ነው፣ በስምንት ዓመቱ ከነቀምት መጥቶ እዚህ ያደገ፣ አማርኛውን ከእኛ ከሠራተኞቹ የለቃቀመ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ድንኳን አለው። በእረፍቱ ድንኳኑን ተሸክሞ ሰው የሌለበት ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ስቄበታለሁ፣ እኛ አገር መሬት ላይ የሚተኛ ቤት ያጣ ነው ወይም ሹፌር ነው፣ ቤት እያለው መሬት ላይ ለመተኛት አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ያየሁት እሱን ነው። በመስከረም መጨረሻ፣ ምሳ ሰዓታችን በሆነው እኩለ ሌሊት፣ ስልኩን አውጥቶ ካርታ አሳየኝ። ከሳንዲያጎ በታች፣ ሜክሲኮ ውስጥ፣ በሁለት ባሕር መሃል እንደ ጣት የተዘረጋ በረሃ። ባሃ ካሊፎርኒያ። ጂፕ ሬንት አድርጌያለሁ፣ ሦስት ናይት ካምፕ እናደርጋለን፣ አብሮኝ ሊሄድ የነበረው ጓደኛዬ ቀርቷል አለ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ ሳንድዊቹን እያኘከ፣ «ሲግናል የለም፣ ብሮ። ማንም አያገኝህም» አለኝ። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። እኔ አፌ ምራቅ ሞላ። እታለም፣ በረሃው አልነበረም የጠራኝ፣ ባሕሩም አልነበረም። ማንም አያገኝህም የሚለው ነው የጠራኝ። ይህን እንዴት አድርጌ ነው በሽማግሌ ፊት የምናገረው?

ደግሞ ለማን ልጅ! አባባ እኮ ዝም ብሎ ሹፌር አልነበረም፣ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የሚባለውን ፊያት የጭነት መኪናውን ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ይወርዳል፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ዲቾቶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያለ አሰብ ወደብ ይገባል። ቀን ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል፣ ስለዚህ ሌሊት ይነዳል፣ ቀን መኪናው ሥር ገብቶ ይተኛል። ስልክ የሚባል ነገር የት አለና፣ ሹፌሮቹ የራሳቸው መላ ነበራቸው። ሽቅብ የሚመጣው ቁልቁል የሚወርደውን ሲያገኝ መብራት ያበራለታል፣ ሁለቱም ይቆማሉ፣ ወራጁ አባባ ከሆነ፣ ይማም ሎግያ ደርሷል፣ ደህና ነው በሉልኝ ይላል። ያ የሚመለሰው ሰው ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ድካም ቢጥለው እንኳ፣ የእኛን በር ሳይመታ ቤቱ አይገባም። ስሙን የማናውቀው ሁሉ ነበር በራችንን የሚመታው። አቧራ የለበሰ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ፣ አልገባም፣ ልሂድ፣ ይማም ደህና ነው፣ ይልና ይሄዳል። አባባም የሌላውን መልእክት ሳያደርስ እጁን ታጥቦ ማዕድ ቀርቦ አያውቅም። የት እንዳለ የማይታወቅ ሹፌር እንደ ሞተ ይቆጠራል ይል ነበር። እኔ ስልክ ኪሴ ይዤ ነው የጠፋሁት። በአምስት ደቂቃ ከኮምቦልቻ ጋር የሚያገናኝ ስልክ።

ያ ብቻ ቢሆን ምን አለ። አገር ቤት እንዳልሄድ የከለከለኝ ነገር ቢኖር ኖሮ እንዴት በወደድኩ። ሰኔ ላይ ሴንት ፖል ውስጥ እጄን አንስቼ ለዜግነት ምያለሁ፣ ነሐሴ ላይ ሰማያዊው የአሜሪካ ፓስፖርት በፖስታ መጥቷል፣ ፖስታውን ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀቴ ይውጣ እንጂ በማግሥቱ መጣሁ ስል ኖሬ፣ ወረቀቱ ሲወጣ ቲኬት መቁረጥ ፈራሁ። ስልክ ላይ ያሳደግሁት ሙዘይን አለ፣ ረጋ ያለ፣ የሚያስቅ፣ ሁሉ የተሳካለት፣ ያንን ሰው ይዤላቸው መሄድ አልችልም፣ የሚሄደው ይሄ ነው፣ ቀን የሚተኛው፣ ከሰው ጋር መቀመጥ የጠፋበት። መስከረም ላይ አባባ ደወለ። እኔ ነኝ የምደውለው እንጂ እሱ ደውሎ አያውቅም። ድምፁ የሃያ ዓመት ሰው ድምፅ ሆኗል። ከኤርትራ ጋር ሰላም ወረደ፣ ቡሬ ተከፈተ፣ መኪና አሰብ እየገባ ነው አሉ አለኝ። አንተ ስትመጣ አንድ ሰው መኪና ያውሰንና እንወርዳለን፣ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ መንገዱን አሳይሃለሁ፣ አንድ ሌሊት ማንዳ እናድራለን፣ ሜዳ ላይ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ፣ «ወረቀትህ አልወጣም እንዴ?» አለ። አልወጣም አባባ፣ አልኩ። ፓስፖርቱ ያለበት መሳቢያ ላይ ተደግፌ ነው የማወራው። አብሽር፣ በረሃ አይሸሽም፣ ይቆየናል አለኝ። በዚያው ሳምንት ለዲንሳ እሺ አልኩት።

ረቡዕ ማታ ወደ ሳንዲያጎ በረርን። ሐሙስ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ድንበሩን ተሻገርን። ዙሀይር አባባ ያረፈው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው ብሎኛል፣ በድንበሩና በኮምቦልቻ መካከል የአስር ሰዓት ልዩነት አለ፣ ሰኞ ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩት፣ ያችው ሰዓት ናት። ፓስፖርቴ ላይ የመጀመሪያው ማኅተም ሲመታ ነው አባቴ የሞተው። ከቢሮው ስንወጣ ዲንሳ ማኅተሙን ከፍቼ እንድይዝ አድርጎ ፎቶ አንስቶኛል፣ እስቃለሁ፣ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ከዚያ በረሃው ነው። አንድ መንገድ፣ ቀጭን፣ ትከሻ የሌለው፣ ግራና ቀኙ ሰው የሚያህል ቁልቋል፣ ቅጠሉ ወደ ታች ሆኖ የተተከለ ካሮት የሚመስል ዛፍ፣ ሦስት ሰዓት ስትነዳ ነዳጅ ማደያ የለም። ጀሪካን ሞልተን ከኋላ አስረናል። ሁለተኛው ቀን ላይ ዲንሳ ደከመኝ ብሎ መሪውን ሰጠኝ፣ እነዳለሁ፣ መስኮቱን ከፍቻለሁ፣ ክርኔን አውጥቻለሁ፣ በመስታወቱ ሳይ አባባን አየሁት፣ ያ አቀማመጥ የእሱ ነው፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርግ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ከፊት መጣ፣ መብራት አበራሁለት፣ ለምን እንዳበራሁለት አላውቅም፣ ሰውዬውም አበራልኝና አለፈ። ማታ ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ተጋድመን ዲንሳ የእኛም አገር በረሃ እንዲህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ነው አልኩት፣ ስለ ማንዳ ነገርኩት፣ ስለ ኤንትሬው፣ መኪና ሥር ስለ መተኛት። አንድ ጊዜ፣ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባባ ይዞኝ መውረዱን ነገርኩት። ይህን ታሪክ ለሰው ነግሬ አላውቅም ነበር። እሱም ፋዘሩ አገር ቤት እስካሁን የስድስተኛ ክፍል አስተማሪ መሆኑን ነገረኝ፣ ተሳሳቅን። እንዴት እንደተኛሁ፣ ራሕመት፣ እንዴት እንደተኛሁ። የአስራ አንድ ዓመት እንቅልፌን ነው በሦስት ሌሊት የተኛሁት፣ አባባ አፈር ውስጥ በገባበት በመጀመሪያው ሌሊት እንኳ፣ ጠጠሩ ጎኔን እየወጋኝ፣ ህልም ሳላይ።

ቅዳሜ ነዳጅ ፍለጋ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ገባን፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አላቆም አለ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ተደውሏል። አብዛኛው ዙሀይር ነው፣ ጋሽ ሙላው አለበት፣ ሌሎችም። ጋሽ ሙላው የደሴ ሰው ናቸው፣ ክርስቲያን፣ የወሎ ሰው ሞተ፣ ወለደ፣ አገባ ከተባለ ሃይማኖት ሳይጠይቁ የሚቆሙ ሽማግሌ። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባው ነበር። ሚኒሶታ ካለው የወሎ ሰው ግማሹ በአንድ ጊዜ ሲደውልልህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ይገባዋል። እኔ ግን ጥፋተኛ ነኝ፣ ጥፋተኛ ደግሞ ስለ ራሱ ብቻ ነው የሚያስበው፣ የዙሀይርን ልጅ የቁርኣን ምርቃት በኦቨርታይም አመካኝቼ ቀርቻለሁና ሊወቅሱኝ ነው አልኩ። ለዙሀይር ጻፍኩለት፣ ኦቨርታይም ላይ ነኝ፣ ሰኞ እደውላለሁ። ከዚያ ልቤ ስላልተረጋጋ፣ ወደ ባሕሩ ፈንጠር ብዬ፣ ለራሕመት ደወልኩ። ድምጿ ጎርንኗል። ምነው አልኳት፣ ጉንፋን ነው አለች። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ የጎረቤት ሠርግ ነው፣ ድንኳን ጥለዋል አለች። ስራ ላይ ነህ? አለች። ስራ ላይ ነኝ። የሚነፍሰው ምንድን ነው? የመጋዘኑ ማራገቢያ ነው። አባባን ስጪኝ አልኳት።

«ተኝቷል» አለች። «አጠገብህ ሰው አለ?»

አለ፣ ሠራተኞቹ አሉ አልኩ። ሃምሳ እርምጃ ዙሪያዬን ከአንድ የሞተ አሳ በስተቀር ማንም አልነበረም። በል ከሰው አትለይ አለችኝና ዘጋች። ብቻውን የቆመ ሰው ላይ መርዶ አይጣልም፣ እሷ ይህን ጠብቃ ነው የዋሸችኝ፣ አንጀቷ እያረረ፣ ለእኔ ብላ። እኔ ለማን ብዬ ነው የዋሸኋት?

እዚህ ደግሞ ዓርብ ገና ሳይነጋ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ስምንት ሰዎች በራፌ ላይ ቆመው ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በጽሑፍ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ተደርሶበት ነው የሚነገረው። አንኳኩ። መኪናዬ ቆሟል፣ እኔ የለሁም። ቅዳሜ መጡ። እሁድ መጡ። የሥራ ሰዓታቸውን ቀይረው ነው፣ አንዳንዱ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ፣ ሴቶቹ የተዘጋጀ ምግብ በመኪና ኋላ ይዘው፣ መልሰው እየወሰዱ። ዙሀይር ሥራ ቦታዬ ድረስ ነድቶ ጠየቀ፣ እስከ ማክሰኞ እረፍት ላይ ነው አሉት። የላክሁለት መልእክት እጁ ላይ እያለ። ጋሽ ሙላው ታሞ ይሆናል ብለው ሮቢንስዴል ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄደው ስሜን ፊደል በፊደል አስጽፈው አስፈልገዋል፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ጥቅምት ብርድ ውስጥ። እሁድ ሌሊት ገባሁ፣ ሰኞ ሊነጋ ሲል ተንኳኳ፣ በቁምጣ ሆኜ ከፈትኩ። አፍንጫዬ በፀሐይ ተልጧል፣ ከንፈሬ ተሰንጥቋል፣ ውጭ ውርጭ ጥሏል። ሁሉም አዩኝ። ማንም የት ነበርክ አላለኝም። ገብተው ተቀመጡ፣ ጋሽ ሙላው እጄን ያዙ። «ሙዘይን፣ አባትህ የመንገድ ሰው ነበሩ፣ የመንገድ ልጅ ነህና ቻለው» አሉኝ። ጮህኩ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ልቤ ስመለስ፣ ወለሉ ላይ ሆኜ፣ ለተሰበሰበው ሁሉ ሲናገሩ ሰማኋቸው፣ ልጁ ለሥራ ሥልጠና ከስቴት ውጭ ተልኮ ነው፣ ስልክም ከልክለውት ነው እያሉ። ከአፋቸው ውሸት የማይወጣ ሰው ናቸው። ለእኔ አወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሰው እየገባ ያንኑ ያጽናናኛል። አይ ስደት፣ አባቱ ሲሞት ሥራ ላይ፣ ይላሉ። ለቤተሰብ ሲል ራሱን የገደለ ልጅ ነው ይላሉ። አንዲት ሴትዮ ትናንት ጉንጬን ዳሰሱና ይሄ መቃጠል የማሽን ነው ልጄ አሉኝ። አዎ አልኩ። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር፣ ምስጋናው ነው የገደለኝ። ሱንዱስ ብቻ ትለያለች። ልብሴን ልታጥብ ሻንጣዬን ስትከፍት ከጫማዬ ውስጥ አሸዋ መታጠቢያ ገንዳው ላይ ፈሰሰ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ፓስፖርቱንም አገኘችው፣ ከፈተችው፣ ማኅተሙን አየች፣ ቀኑን አየች። ዘጋችና ትራሴ ሥር አስቀመጠችው። ውሃውን ከፍታ አሸዋውን አጠበችው፣ ቶሎ አልሄደም፣ ጨርቅ አምጥታ ጠራረገችው። ከዚያ ወዲህ ምግብ ስታቀርብልኝ ብላ አትለኝም። ሌሎቹን ሁሉ ብሉ ትላለች።

ሶላት ተሰገደ። ሰባት ተኩል ሆኗል፣ ተነስቼ ተቀምጫለሁ፣ ስልኩ ምንጣፉ ላይ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ተቀምጧል፣ ዙሀይር በቀኜ፣ ጋሽ ሙላው በግራዬ፣ ሌሎች አምስት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሱንዱስ ኩሽናው በር ላይ። እዚያ መሽቷል። ራሕመት ሰላምታ ሰጠች፣ ሽማግሌዎቹን አመሰገነች። አሁን ነው አልኩ፣ አሁን ካላልኩ አልልም።

«እታለም፣ መጀመሪያ እኔ የምነግርሽ አለኝ» አልኩ።

«አይሆንም፣ እኔ ልቅደም። ካልቀደምኩ አልችለውም» አለች። ማልቀስ ጀምራለች፣ ቃሏ ግን አልተቆራረጠም፣ ደጋግማ ያሰበችው ነገር ነው። «ሐሙስ ጠዋት አባባ ድንገት ሕመም ሲጥለው፣ ሙዘይን የለም ወይ አለኝ። ፈቃድ ከልክለውት ነው፣ ወረቀቱ አልወጣም ማለት አቃተኝ። መጥቷል አልኩት። አዲስ አበባ ገብቷል፣ ማታ እዚህ ነው አልኩት። ልብሴን ቀይሩልኝ፣ ጢሜን አስተካክሉልኝ አለ። ትራሱን አስደግፈነው ወደ በሩ ዞሮ ሲጠብቅህ ነው የወጣችው ነፍሱ። በስምህ ዋሽቼ ነው የሸኘሁት ሙዘይን። ቅዳሜም ተኝቷል ብዬ አንተኑ ዋሸሁህ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። በእነዚህ ሰዎች ፊት አፉ በለኝ።»

የእኔ ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ብሎ የሚጀምር። ብናገር አባባ በሩን እያየ ሲጠብቀኝ እኔ የት እንደነበርኩ ታውቃለች፣ ሌላ ሐዘን እጨምርባታለሁ፣ ለእሷ ብዬ ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ፣ ያን ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፣ አፌ ቀድሞ ሄዷል።

«አፉ ብዬሻለሁ» አልኩ። «ከልቤ አፉ ብዬሻለሁ እታለም። ለደግ ብለሽ ነው።»

ዙሀይር ትከሻዬን ጨበጠ። ከግድግዳው በኩል አንዱ፣ የይማም ልጅ፣ ልበ ሰፊ፣ አለ። ጋሽ ሙላው ቀና ብለው አላዩኝም፣ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው ጣቶቻቸውን እያሻሹ ነው። ኩሽናው በር ላይ ማንም የለም፣ ውሃው ተከፍቷል። ራሕመት አሁን እንደ ልቧ ታለቅሳለች፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው፣ እንዳቀለልክልኝ አላህ ያቅልልህ፣ እንዳሳረፍከኝ ያሳርፍህ፣ እንቅልፍህን ጤና ያድርገው እያለች ትመርቀኛለች።

አሜን አልኩ።